ምዕራፍ ስድስት፦ አሥር ዋት

ከጄኔቫ ከተማ ጎን፣ የስዊዘርላንድና የፈረንሳይ ድንበር በሚያልፍበት መስክ ሥር፣ 27 ኪሎ ሜትር የሚዞር ዋሻ አለ። ጥልቀቱ እንደ መልክዓ ምድሩ ከ50 እስከ 175 ሜትር ይደርሳል። ዋሻው ውስጥ የተዘረጋው ማሽን ኤልኤችሲ ይባላል፤ የሠራውም ሰርን በመባል የሚታወቀው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ነው። ፕሮቶኖች የብርሃንን ፍጥነት ሊያክሉ ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ እየተወነጨፉ በዚህ ቀለበት ይዞራሉ። መንገዳቸውን እያጎበጡ ከቀለበቱ እንዳይወጡ የሚያደርጓቸው 1,232 ዳይፖል ማግኔቶች ናቸው። አንዱ ዳይፖል 15 ሜትር ይረዝማል፣ 35 ቶን ገደማ ይመዝናል።

ስለ ኤልኤችሲ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ፕሮቶኖቹ ነው። በዚህ ምዕራፍ ግን የማነሣው ቴርሞሜትሮቹን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ማሽኑ ላይ የደረሰውን ከባድ አደጋ ከማንም ቀድመው ያዩት እነሱ ነበሩ። ያዩትን ምን እንደሆነ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት መጀመሪያ ቅዝቃዜውን፣ ከዚያ መለኪያዎቹን፣ ከዚያም መለኪያዎቹ ለሥራ የበቁበትን አድካሚ ፍተሻ ማወቅ ያስፈልጋል።

የማግኔቶቹ ጥቅል ሽቦ የተሠራው ከኒዮቢየምና ቲታኒየም ቅይጥ ነው። ቅይጡ በበቂ ሁኔታ ሲቀዘቅዝ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፤ ለኤሌክትሪክ ጅረት የሚያሳየው ተቃውሞ፣ ማለትም ሬዚስታንሱ፣ ፈጽሞ ይጠፋል። ያኔ 11,850 አምፔር የሚያህል ጅረት ሽቦውን ሳያግለው ያልፋል፣ ማግኔቱም 8.33 ቴስላ ጥንካሬ ያለው መስክ ይፈጥራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቅዝቃዜ 1.9 ኬልቪን ነው። ኬልቪን ከፍፁም ዜሮ ተነሥቶ የሚቆጥር መለኪያ ስለሆነ 1.9 ኬልቪን ማለት ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከዚህ ወዲያ መውረጃው ሁለት ዲግሪ እንኳ አይሞላም።

ወደዚህ ቅዝቃዜ የሚያደርሰን ሂሊየም ብቻ ነው። ሆላንዳዊው ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ በላይደን ከተማ በ1908 ሂሊየምን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈሳሽ አደረገው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሜርኩሪ ሬዚስታንሱን ሲያጣ ታየ፣ የሱፐርኮንዳክተር ታሪክም ተጀመረ። ፈሳሽ ሂሊየም በተለመደው የአየር ግፊት 4.2 ኬልቪን ላይ ይፈላል። ከዚያ በታች ለማውረድ የሚደረገውን አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ ጥዶ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚንተከተከው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ግን 100 ዲግሪ ይጠብቃል። ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለቀነሰው ነው። ለሂሊየምም ሕጉ ያው ነው፤ በላዩ ያለውን ግፊት በፓምፕ እየሳቡ ወደ 16 ሚሊባር ሲያወርዱት መፍያው ወደ 1.8 ኬልቪን ይወርዳል። ማግኔቶቹ የተነከሩበት ሂሊየም ራሱ አይፈላም፤ በማግኔቶቹ ርዝመት በሚያልፍ ቱቦ ውስጥ የሚፈላው ሌላ ሂሊየም ሙቀቱን እየሳበ ያወጣለታል።

ሂሊየም ከ2.17 ኬልቪን በታች ሲወርድ ጠባዩ ይለወጣል። ፒዮትር ካፒትሳ በሞስኮ፣ ጆን አለንና ዶን ማይስነር በካምብሪጅ በ1930ዎቹ መጨረሻ እንዳሳዩት ያለ ሰበቃ ይፈስሳል፤ ሙቀትንም ከማናቸውም ብረት ይልቅ በፍጥነት ያስተላልፋል። የሰርን መሐንዲሶች 1.9ን የመረጡት ሽቦው በዚያ ቅዝቃዜ የበለጠ ጅረት ስለሚችልና ሂሊየሙም በየማግኔቱ ጓዳ የሚፈጠረውን ሙቀት ፈጥኖ ስለሚያወጣ ነው።

የዚህን ያህል ቅዝቃዜ ዋጋው ከባድ ነው። በ1.8 ኬልቪን ላይ የምትገኝ አንዲት ዋት ሙቀት ለማውጣት ላይኛው ምድር ላይ ወደ 1,000 ዋት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይጠፋል። ስለዚህ ማግኔቶቹ አየር በወጣለት ጋን፣ ማለትም በቫኪዩም፣ ታጥረውና በሚያንጸባርቅ ስስ ሽፋን በብዙ እጅ ተጠቅልለው ነው የሚቀመጡት። ከውጭ ሾልኮ ቀዝቃዛው አካል ላይ የሚደርሰው ሙቀት በአንድ ሜትር ርዝመት 0.2 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አደጋውም ቅርብ ነው። በእነዚህ ቅዝቃዜዎች መዳብ ሙቀት የመያዝ አቅሙ በክፍል ሙቀት ከሚኖረው በሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው። በጣም ጥቂት ኃይል፣ የሽቦ ቅንጣት መንሸራተት የሚፈጥረው ሰበቃ እንኳ፣ አንድን ነጥብ አሙቆ ከሱፐርኮንዳክተርነት ሊያወጣት ይችላል። መሐንዲሶቹ ኩዌንች ይሉታል። ያቺ ነጥብ ሬዚስታንስ ታበቅላለች፣ ሺዎች አምፔር ያልፍባታልና ትግላለች፣ ግለቷም ጎረቤቷን ያሞቃል። ለዚህ የሚሆን መከላከያ በየማግኔቱ ተገጥሟል፤ ጅረቱም በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ከማግኔቱ እንዲዞር ይደረጋል።

እንግዲህ መለኪያዎቹ። ለ1.9 ኬልቪን የሚሆን ቴርሞሜትር እንደ ሕክምና ቴርሞሜትር ከገበያ ገዝቶ የሚጨበጥ ነገር አይደለም። ሜርኩሪ ገና ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ ላይ ይረጋል። በኢንዱስትሪ የሚታወቀው የፕላቲነም ቴርሞሜትር እስከ ጥቂት አሥሮች ኬልቪን ድረስ ያገለግልና ከዚያ ወዲያ ለውጡን መለየት ያቅተዋል። ኤልኤችሲ ለጥልቁ ቅዝቃዜ የተጠቀመው ሰርኖክስ በሚል የንግድ ስም የሚታወቀውን፣ ከዚርኮኒየም ኦክሲናይትራይድ ስስ ሽፋን የሚሠራውን ቺፕ ነው። የሰርኖክስ ሬዚስታንስ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል። በክፍል ሙቀት ጥቂት አሥሮች ኦም የነበረው 1.9 ኬልቪን ሲደርስ በሺዎች ኦም ይቆጠራል። በዚያ አካባቢ የሙቀት ቅንጣት ለውጥ ትልቅ የኦም ለውጥ ስለሚያመጣ አንድ መቶኛ ኬልቪን መለየት ይቻላል። ጨረርን በደንብ ስለሚቋቋምም ፕሮቶን በሚሮጥበት ዋሻ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል።

ቺፑን ማንበብ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሬዚስታንስ ለመለካት ጅረት መላክ ግድ ነው፤ ጅረት ደግሞ ያሞቃል። ስለዚህ የሚላከው በማይክሮ አምፔር የሚቆጠር ነው። ብዙ ከተላከ ቴርሞሜትሩ የሚለካው ማግኔቱን መሆኑ ቀርቶ ራሱን ይሆናል። ከሞቃቱ ዋሻ ወደ ቀዝቃዛው ማግኔት የሚገቡት ሽቦዎችም የራሳቸው ሬዚስታንስ ስላላቸው ለእያንዳንዱ ቺፕ አራት ሽቦ ይዘረጋል፦ ሁለቱ ጅረቱን ያመላልሳሉ፣ ሁለቱ ቮልቴጁን ብቻ ያነባሉ። ሽቦው ሙቀትም ይዞ ይገባል። ስለዚህ ሙቀት በደንብ ከማያስተላልፍ ቅይጥ ይሠራል፣ ቀጭን ይሆናል፣ በመንገዱም ላይ ቀዝቃዛ ብረት ላይ እየተጣበቀ ሙቀቱን እዚያ እንዲጥል ይደረጋል። አንድ ሠራተኛ ይህን ማጣበቅ ቢዘነጋው ቺፑ ይሠራል፣ ቁጥርም ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን የማግኔቱ ሙቀት ሳይሆን በሽቦው ተከትሎት የገባው የዋሻው ሙቀት ይሆናል።

ከዚህ በላይ የሚያስገርመኝ የካሊብሬሽኑ ሥራ ነው። ሁለት የሰርኖክስ ቺፖች አንድ ዓይነት ሆነው ከፋብሪካ አይወጡም። እያንዳንዱ የራሱ የኦምና የኬልቪን ሰንጠረዥ ሊወጣለት ይገባል። ለኤልኤችሲ የተገዙት 6,000 ገደማ ቴርሞሜትሮች ከፓሪስ በስተደቡብ በምትገኘው ኦርሴ በሚገኝ የፈረንሳይ የኑክሌር ፊዚክስ ተቋም አንድ በአንድ ቀዝቅዘው፣ ከክፍል ሙቀት እስከ 1.6 ኬልቪን ድረስ በታወቀ መለኪያ ተመሳክረው ሰንጠረዣቸው ተዘጋጀ። ከዚያ በኋላ ቺፑና ሰንጠረዡ የማይነጣጠሉ ናቸው። የቺፑ መለያ ቁጥር ከየትኛው ማግኔት፣ ከየትኛው ካቤል፣ ከየትኛው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ጋር እንደተገናኘ ዳታቤዙ ውስጥ ካልተመዘገበ ያ ሁሉ የኦርሴ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው።

የፈሳሹ ሂሊየም ከፍታ የሚለካበት ዘዴ ደግሞ ውበት አለው። ከማግኔቱ ጥቅል ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ቀጭን የሱፐርኮንዳክተር ሽቦ ጋኑ ውስጥ ቁልቁል ይንጠለጠላል፣ ጥቂት ጅረትም ይላክበታል። ፈሳሹ ውስጥ የጠለቀው ክፍል ሬዚስታንስ የለውም፤ ከፈሳሹ በላይ ያለው ግን ትንሽ ስለሚሞቅ ሬዚስታንስ ይኖረዋል። ቮልቴጁን ያነበበ ሰው ስንት ሳንቲ ሜትር ሽቦ ከፈሳሹ በላይ እንደቀረ ያውቃል። ይህ ዘዴ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ ሆስፒታሎች የሚገኙት ሱፐርኮንዳክተር ማግኔት ያላቸው የኤም አር አይ ማሽኖችም በኒዮቢየም ቲታኒየም ሽቦና በፈሳሽ ሂሊየም ነው የሚሠሩት፤ የሂሊየማቸው መጠንም እንደዚሁ እየተለካ ይጠበቃል። መብራት ጠፍቶ የማቀዝቀዣው ኮምፕረሰር ሲቆም ሂሊየሙ እየተነነ መውረድ ይጀምራል፤ ይህንን የሚናገረውም ያ ቀጭን ሽቦ ነው።

ሌሎቹን ልለፋቸው፦ የግፊት መለኪያዎች፣ የፍሰት መለኪያዎች፣ በአየር ግፊት የሚንቀሳቀሱ ቫልቮችና በየማግኔቱ የተተከሉ ማሞቂያዎች። ማሞቂያ ቀዝቃዛ ማሽን ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ካለ ጥቂት ቆይቶ መልሱን ያገኘዋል።

ይህ ሁሉ ተገጥሞ ሲያልቅ ኮሚሽኒንግ ይጀምራል። ተገጥሞ ያለቀን ነገር እያንዳንዱን ክፍል እየፈተሹ ለሥራ ማብቃት ማለት ነው፤ በኤልኤችሲ ይህ ሥራ ስምንት ጊዜ ተደጋግሟል፣ ቀለበቱ እያንዳንዳቸው 3.3 ኪሎ ሜትር የሚሆኑ ስምንት ሴክተሮች ስላሉት። ኤሌክትሮኒክሱ በአመዛኙ የተቀመጠው እዚያው ዋሻ ውስጥ፣ ከማግኔቶቹ ሥር ነው። ስለዚህ ጨረርን እንዲቋቋም ተደርጎ ተሠርቷል። ፍተሻው የተጀመረው በሙቅ ነበር። ሠራተኞች ተንቀሳቃሽ የመፈተሻ መሣሪያ እየገፉ በዋሻው ውስጥ ከሳጥን ወደ ሳጥን ተጓዙ። በሴንሰሩ ቦታ ዋጋው የታወቀ ሬዚስታንስ ያስገባሉ፣ ላይ ባለው የመቆጣጠሪያ ክፍል ስክሪን ላይ ትክክለኛው ቁጥር መውጣቱን ያያሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

እንዲህ ዓይነት ፍተሻ ውስጥ የሞተ ሴንሰር ብዙ አያስቸግርም፤ ሽቦው ከተበጠሰ ስክሪኑ ወዲያው ያሳብቃል። አስቸጋሪው ጤነኛ መስሎ የሚሳሳተው ነው። ሁለት ጎረቤት ማግኔቶች ካቤላቸው ቢለዋወጥ ሁለቱም ሞቃት ሳሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ፣ ሁለቱም ቀዝቃዛ ሳሉ እንዲሁ። ልውውጡ የሚገለጠው አንዱ ታምሞ ሌላው ሲታከም ነው። ያው ማሞቂያ ለዚህ አንዱ መፍትሔ ነው፦ የአንዱን ማግኔት ማሞቂያ ይከፍቱና የየትኛው ቴርሞሜትር ቁጥር እንደሚነሣ ይመለከታሉ። ካልተነሣ፣ ወይም የጎረቤቱ ከተነሣ፣ ካቤሉ ተሳስቷል። ሰንጠረዡ የተሳሳተ ቺፕ ደግሞ ሁሉም በአንድ ሙቀት ላይ ሲሆኑ እሱ ብቻውን ያፈነግጣል።

ለዚህ የሂሊየም ጠባይ ራሱ ያግዛል። ከ2.17 ኬልቪን በታች ሂሊየሙ ሙቀትን በጣም ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ በአንድ ጋን ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ሙቀት ይሆናል። ያን ድንበር ሲያልፉ በስክሪኑ ላይ እስከዚያ የተበታተኑት መስመሮች ይሰበሰባሉ። ሳይሰበሰብ የቀረው ወይ ሰንጠረዡ ተሳስቷል፣ ወይ ከሂሊየሙ ጋር በደንብ አልተገናኘም። ተፈጥሮ በነፃ የሰጠችው ካሊብሬሽን ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

መጀመሪያ የቀዘቀዘው ሴክተር 7-8 የሚባለው ነበር። ሥራው በጃንዋሪ 2007 ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 2007፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2 ቀን 1999፣ ሙሉው 3.3 ኪሎ ሜትር 1.9 ኬልቪን ደረሰ። አንድን ሴክተር መጀመሪያ ወደ 80 ኬልቪን ለማውረድ ብቻ 1,260 ቶን ፈሳሽ ናይትሮጅን ያስፈልጋል። ብረቱም ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ በአንድ ሜትር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በአንድ ሴክተር ወደ 10 ሜትር ይደርሳል። ይህን መሰብሰብ እንዲችሉ ማግኔቶቹ የተያያዙት በሚለጠጡ መገጣጠሚያዎች ነው። ሴክተሩ በዚያው ዓመት ተመልሶ እንዲሞቅ ሲደረግ በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን የመዳብ ጣቶች ጎብጠው የፕሮቶኑን መንገድ የዘጉባቸው ቦታዎች ተገኙ። የትኞቹ እንደጎበጡ ለማወቅ ከፒንግ ፖንግ ኳስ ትንሽ የምታንስ፣ የሬዲዮ ማሰራጫ የያዘች ኳስ ተሠርታ በቱቦው ውስጥ በአየር ተነዳች፤ ፕሮቶኖቹን ለመከታተል የተተከሉት መለኪያዎችም ኳሷን ተከታተሏት። የቆመችበት ቦታ ሁሉ የጎበጠ ጣት ነበር።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2008 የመጀመሪያዎቹ ፕሮቶኖች ቀለበቱን ሙሉ ዞሩ። በእኛ ቀን ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ነበር፣ የሁለት ሺህ ዓመታችን የመጨረሻ ዕለት። ዓለም በቴሌቪዥን አየው። ከስምንቱ ሴክተሮች አንዱ፣ ሴክተር 3-4፣ ግን ለከፍተኛው ጅረት ገና ተፈትኖ አላለቀም ነበር። ፍተሻው ከዚያ ዕለት በኋላ ቀጠለ። ሴፕቴምበር 15 ቀን ጅረቱ ወደ 7,000 አምፔር ወጣ። ሴፕቴምበር 19 ቀን፣ መስከረም 9 ቀን 2001፣ ከዚያ ከፍ ሊያደርጉት ሲሞክሩ 8,700 አምፔር ላይ አንድ ነገር ተበጠሰ።

ማግኔት ከማግኔት ጋር የሚገናኘው በብየዳ መገጣጠሚያ ነው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የሱፐርኮንዳክተር ካቤሎቹ ተደራርበው በቆርቆሮና በብር ቅይጥ ይጣበቃሉ። ጤነኛ መገጣጠሚያ ሬዚስታንሱ ከአንድ ናኖ ኦም፣ ማለትም ከአንድ ቢሊዮንኛ ኦም፣ ያነሰ ነው። በአንድ ዳይፖልና ኳድሩፖል በሚባለው ሌላ ዓይነት ጎረቤት ማግኔት መካከል የነበረው ግን ጤነኛ አልነበረም። ሞቀ፣ ሱፐርኮንዳክተርነቱን አጣ፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥም የኤሌክትሪክ ብልጭታ ፈጥሮ የሂሊየሙን ጋን በሳው። በዚያ ሰዓት በሴክተሩ ማግኔቶች ውስጥ 600 ሜጋ ጁል ገደማ ኃይል ተከማችቶ ነበር። ሁለት ቶን ያህል ሂሊየም ወደ ቫኪዩሙ በፍጥነት ፈሰሰ፣ ጠቅላላው የጠፋው 6 ቶን ደረሰ። የግፊት ማስተንፈሻዎቹ ለዚህ ያህል አልተሠሩም ነበርና ግፊቱ በብዙ ቶን የሚመዝኑ ማግኔቶችን ከመሠረታቸው ነቅሎ ገፋቸው። የፕሮቶኑ ቱቦ በጥቀርሻ ተሞላ። ዋሻው ውስጥ ሰው ስላልነበረ የተጎዳ የለም። 53 ማግኔቶች ግን ወደ ላይ መውጣት ነበረባቸው።

የምርመራው ቡድን በፊሊፕ ለብረን ይመራ ነበር። ቡድኑ ከአደጋው ቀደም ሲል የተመዘገበውን ሁሉ ሲያገላብጥ የሴፕቴምበር 15ቱን የቴርሞሜትር መዝገብ አገኘ። ጅረቱ 7,000 አምፔር ላይ ቆሞ ሳለ፣ በኋላ አደጋው በደረሰበት አካባቢ ያለው ሂሊየም በሚሊኬልቪን በሚቆጠር መጠን ይሞቅ ነበር። ሌሎች ቦታዎች አልሞቁም። የሙቀቱ ምንጭ ሲሰላ 10.7 ዋት ሆነ፣ የስሕተት ወሰኑ 2 ዋት ገደማ። ከዚህ ወደ ሬዚስታንስ መሄድ የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው፦ ዋቱ የጅረቱ ካሬ በሬዚስታንሱ ሲባዛ ነውና 10.7ን ለ7,000 ሲባዛ 7,000 ስናካፍለው 220 ቢሊዮንኛ ኦም ገደማ እናገኛለን። ጤነኛው መገጣጠሚያ ከአንድ ያነሰ መሆን ሲገባው 220።

አሁን ያን 0.2 ዋት በሜትር እናምጣው። አንድ የማግኔት ረድፍ፣ ስድስት ዳይፖልና ሁለት ኳድሩፖል የሚይዘው፣ 107 ሜትር ገደማ ነው፤ ከውጭ የሚሾልክለት ሙቀት ከ20 ዋት ትንሽ ይበልጣል። በዚህ ላይ 10 ዋት መጨመር የግማሽ ያህል ጭማሪ ነው። ከመለኪያዎቹ አቅም በታች የሆነ ነገር አልነበረም። በኦርሴ የተቀዳው ሰንጠረዥ፣ አራቱ ሽቦዎች፣ በጋሪ እየተገፋ የተደረገው ፍተሻ ሁሉ ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። ቁጥሩ አራት ቀን ሙሉ መዝገብ ውስጥ ነበር።

ይህን የአንድ ሰው ቸልተኝነት አድርጎ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው ብዬ አምናለሁ። ቴርሞሜትሮቹ ኮሚሽን ሲደረጉ የተመደበላቸው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ማግኔቱ በበቂ ቀዝቅዟል ወይ? ለዚህ ጥያቄ መልሳቸው በሴፕቴምበር 15ም ቢሆን አዎን ነበር፤ ጥቂት ሚሊኬልቪን ከተፈቀደው ጣሪያ አያሳልፍም። መገጣጠሚያዎቹን እንዲጠብቅ የተመደበው ደግሞ የኤሌክትሪክ መከላከያው ነበር፤ እሱ የሚነቃው ቮልቴጁ አንድ ቮልት ሲደርስ ነው። 220 ናኖ ኦም በ7,000 አምፔር ላይ የሚሰጠው አንድ ሺህ ተኩል ማይክሮ ቮልት ብቻ ነው፣ ከዚያ ደፍ በ650 እጥፍ ያነሰ። የመገጣጠሚያው ችግር በሁለቱ ክፍሎች ኃላፊነት መካከል ወደቀ። የቅዝቃዜው ክፍል ቁጥሩ ነበረው፣ ጥያቄው ግን አልነበረውም። የኤሌክትሪኩ ክፍል ጥያቄው ነበረው፣ ለዚያ የሚሆን ቁጥር ግን አልነበረውም። እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚያሳዝነኝና የሚያስተምረኝም ይሄ ነው። መለኪያ ሲተከል ምን እንደሚለካ ይወሰናል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቀው ግን እንደዚያው በጽሑፍ ካልተወሰነ ሥራው ግማሽ ነው።

ሰርን ከዚያ በኋላ ያደረገው የሚያስመሰግን ነው። ያ በአጋጣሚ የተገኘ ምልክት ወደ ዘዴ ተለወጠ። ጅረቱን ደረጃ በደረጃ ከፍ እያደረጉ በየደረጃው ማቆም፤ የማቀዝቀዣው ቫልቭ ራሱን እያስተካከለ ሙቀቱን እንዳይደብቀው ባለበት ማጽናት፤ ከዚያ በየረድፉ ያለው ሂሊየም በምን ፍጥነት እንደሚሞቅ መመልከት። ማሞቂያዎቹም እዚህ ላይ ሁለተኛ ሥራ አገኙ፤ የታወቀ ዋት ለቀው ቴርሞሜትሮቹ ያንኑ ዋት መልሰው እንደሚያነቡ ያረጋግጣሉ። ጅረቱ ሲጨምር በካሬው ልክ የሚጨምር ሙቀት ከተገኘ እዚያ ረድፍ ውስጥ የታመመ መገጣጠሚያ አለ። በዚህ መንገድ በ2008 መጨረሻ ሴክተር 1-2 ውስጥ አንድ ዳይፖል በሆዱ 100 ናኖ ኦም የሚጠጋ መገጣጠሚያ ተሸክሞ ተገኘ። በኤሌክትሪክ መለኪያ ሲመረመርም እውነት ሆነ። ሌላ፣ ከዚህ ያነሰ፣ ሴክተር 6-7 ውስጥ ተገኘ። ሁለቱም ማግኔቶች ወጥተው በሌሎች ተተኩ። ያ ዘዴ ባይኖር ኖሮ እነዚያ ዳይፖሎች ዋሻው ውስጥ ተቀምጠው ቀናቸውን ይጠብቁ ነበር።

የኤሌክትሪክ መከላከያውም ከሥሩ ታደሰ። የእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ቮልቴጅ እንዲለካ አዲስ ሥርዓት ተዘረጋ፤ የመንቂያው ደፍ ከአንድ ቮልት ወደ 0.3 ሚሊ ቮልት ወረደ። ሴፕቴምበር 15 ቀን የነበረው 1.5 ሚሊ ቮልት በአዲሱ ሥርዓት ቢሆን ጅረቱን አምስት ጊዜ ሊያስቆም የሚበቃ ነው። የቫኪዩሙ ማስተንፈሻዎች በብዛትም በስፋትም ጨመሩ።

ፕሮቶኖች እንደገና የዞሩት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 2009፣ ኅዳር 11 ቀን 2002 ነው። መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ገና ስላልታደሱ ማሽኑ መጀመሪያ በ3.5፣ በ2012 ደግሞ በ4 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል እንዲሠራ ተወሰነ፤ ከታቀደለት ግማሽ ያህል። ጁላይ 4 ቀን 2012 የተበሰረው ሂግስ ቦዞን የተባለው ቅንጣት የተገኘው በዚህ በተቆጠበ ኃይል ነው። ከ2013 እስከ 2015 መጀመሪያ ማሽኑ ሞቆ ከ10,000 በላይ መገጣጠሚያዎች ተከፍተው ታዩ፣ መጥፎዎቹ እንደገና ተበየዱ፣ ሁሉም ላይ ጅረቱን በችግር ቀን የሚያሻግር ተጨማሪ መዳብ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ኤልኤችሲ 6.5፣ በ2022 ደግሞ 6.8 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ደርሷል።

ወደ መለኪያዎቹ ስንመለስ፣ በኤልኤችሲ የመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ለእያንዳንዱ ሴክተር ሁለት የቅዝቃዜ ፈቃዶች አሉ። አንደኛው ክራዮ ስታርት ይባላል፣ ሁለተኛው ክራዮ ሜንቴይን። ሁለቱም ከሙቀት፣ ከግፊትና ከፈሳሽ ከፍታ መለኪያዎች ተጠናቅረው የሚወጡ ናቸው። የመጀመሪያው ሳይገኝ ማግኔቶቹ ጅረት አይጀምሩም። ሁለተኛው በሥራ መካከል ከጠፋ ጅረቱ እንዲወጣ ይደረጋል፣ ፕሮቶኖቹም ከቀለበቱ ይወገዳሉ።